ቁጥርን ቅርጽ ማስያዝ፦ በጄ ቋንቋ ትክክለኛውን የሰነድ ገጽ ፈልጎ የማግኘት መመሪያ

ጣና ዳር ለሚሠሩ ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች የሽያጭ ሒሳባቸውን በጄ የፕሮግራም ቋንቋ ደምሬ፣ በወረቀት አትሜ፣ መዝገቡን ለሚይዙት ጋሼ ወሰድኩላቸው። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው በየረድፋቸው ተቀምጠዋል፤ ድምሩም አልተሳሳተም። ጋሼ ግን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የመጨረሻዋን መስመር ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ «ልጄ፣ ይህች ኢ የምትባለዋ ብር ናት ወይስ ኪሎ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወረቀቱ ላይ የታተመው 1.23457ኢ6 ነበር፤ ማሽኑ 1,234,567 ብር ከ50 ሳንቲም ማለቱ ነው። ከዚያም የአንድ አስጋሪ ቀሪ ዕዳ ፊት የተሰመረችውን ሰረዝ እያሳዩ «ይህችስ ለምን ወደ ታች ወረደች?» አሉ።

ሁለቱም ጥያቄዎች በቋንቋው ሰነድ ውስጥ መልስ አላቸው። እኔን ያዘገየኝ የመልሱ አለመኖር ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን ገጽ ማግኘት አለመቻሌ ነበር። ስለዚህ ይህ መመሪያ ስለ ቁጥር አጻጻፍ ቅርጽ ቢሆንም፣ ዋና ጉዳዩ ሰነዱ ዘንድ መድረሻው መንገድ ነው። አንድ ማሳሰቢያ አስቀድሜ ልስጥ፦ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በትእዛዞቹ መካከል የሚገቡትን የላቲን ፊደላት በአማርኛ ስማቸው «ጄ»፣ «ኢ»፣ «ሲ» እያልኩ እጽፋቸዋለሁ፤ እርስዎ ሲተይቡ ግን በላቲን ንዑስ ፊደል ይተይቧቸው።

ጉግል ለምን አያገኘውም?

በጄ ቋንቋ ቁጥርን ቅርጽ አስይዞ ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ምልክት `":` ነው፤ ድርብ ጥቅስና ኮለን ማለት ነው። ይህንን ምልክት ጉግል ላይ ቢጽፉት መፈለጊያው ሥርዓተ ነጥብን በአብዛኛው ስለሚጥል ባዶ ጥያቄ እንዳቀረቡ ይቆጥረዋል። የቋንቋውን ስም ልጨምርበት ቢሉ ደግሞ ስሙ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ጥያቄው ገና ከደጅ ይወድቃል።

የዚህ ችግር መነሻ ታሪካዊ ነው። ኬነት አይቨርሰን በ1962 በታተመው መጽሐፋቸው ያቀረቡት የአጻጻፍ ሥርዓት በኋላ ኤፒኤል የተባለውን ቋንቋ አስገኘ። ኤፒኤል ለእያንዳንዱ ተግባር የራሱ የሆነ ልዩ ምልክት ነበረው፤ ለቅርጽ ማስያዣው ለምሳሌ `⍕` የምትባል ምልክት አለችው። ይህች ምልክት ከሌላ ነገር ጋር ስለማትምታታ ዛሬም በሰነድ ውስጥ በቀጥታ ተፈልጋ ልትገኝ ትችላለች። ሆኖም በተራ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ የለችም። አይቨርሰን በ1990 ገደማ ከሮጀር ሁዪ ጋር ጄን ሲሠሩ ልዩ ምልክቶቹን ትተው ማንኛውም የቁልፍ ሰሌዳ ባለው ምልክት ብቻ መጻፍን መረጡ። ለመተየብ ቀለለ፣ ለመፈለግ ግን ከበደ፤ በእኔ ግምት ግን ልውውጡ ኪሳራ አልነበረም።

ምልክቱን በትክክል መቁረጥ

የመጀመሪያው ሥራ መፈለግ ሳይሆን የሚፈለገው ቃል የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መለየት ነው። በጄ አንድ መሠረታዊ ቃል አንዲት ምልክት ትሆናለች፤ ወይም ያችው ምልክት ነጥብ ወይም ኮለን ተከትሏት ሌላ ቃል ትሆናለች። ስለዚህ `"`፣ `".` እና `":` ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የመጀመሪያው ራንክ (ደረጃ) ይባላል፤ ሁለተኛው ጽሑፍን ያስፈጽማል፣ ወይም ወደ ቁጥር ይመልሳል፤ ሦስተኛው ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ነጥቧንና ኮለኗን የቋንቋው መዝገበ ቃላት ከሰዋስው በተዋሰው ቃል «ርባታ» ይላቸዋል።

እዚህ ላይ የእኛ ልማድ ራሱ ያሳስታል። በአማርኛ መዝገበ ቃላት «ተሰባበረ»ን የሚፈልግ ሰው ወደ ሥሩ ተመልሶ «ሰበረ» ዘንድ ይሄዳል፤ ርቢው ሁሉ በዚያ ሥር ተዘርዝሮ ያገኘዋል። በጄ ግን እያንዳንዱ ርቢ የራሱ ገጽ አለው፤ ትርጉሙም ከሥሩ ጋር የግድ አይዛመድም። እኔ ራሴ «ሥሩ ጥቅስ ነው» ብዬ የራንክን ገጽ ከፍቼ አንድ ከሰዓት ሙሉ ስለ ቁጥር አጻጻፍ አንድም ቃል ሳላገኝ ቀርቻለሁ። በነገራችን ላይ በጄ ጽሑፍ የሚታጠረው በነጠላ ጥቅስ ነው፤ ድርቡ ጥቅስ የመጥቀስ ሥራ የለውም።

አቆራረጡ ካጠራጠረዎት ራሱን ቋንቋውን ይጠይቁት። `;:` የተባለው ግስ፣ ማለትም ሥራ የሚሠራ ቃል፣ በነጠላ ጥቅስ የታጠረ ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ቃላቱን በየሣጥናቸው ለያይቶ ያሳያል።

`;: '12ጄ2 ": 1234567.5'`

ይህ ሦስት ሣጥን ይሰጣል፦ `12ጄ2`፣ `":` እና `1234567.5`። መሐል ያለው ሣጥን በሰነዱ ውስጥ የሚፈልጉት ቃል ነው። አሁን ደግሞ ይህንን ይሞክሩ፦

`;: '9!:11 12'`

አራት ሣጥን ጠብቀው ሦስት ያገኛሉ፤ `11 12` አንድ ሣጥን ውስጥ ገብተዋል። በጄ ጎን ለጎን የተጻፉ ቁጥሮች አንድ ዝርዝር ይሆናሉና። ይህንን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከምልክት ወደ ስም፣ ከስም ወደ ሰዋስው ክፍል

ምልክቱን ካወቁ በኋላ የቃላት ሰንጠረዡን ይክፈቱ። ሰንጠረዡ በጄ የመሥሪያ መስኮት የእርዳታ ምናሌ በኩል ይገኛል፤ ኑቮክ የተባለው አዲሱ ሰንጠረዥ ደግሞ በቋንቋው ዊኪ ላይ አለ። በመዝገበ ቃላቱ ሰንጠረዥ ውስጥ ምልክቷ፣ ባለነጥቧና ባለኮለኗ ጎን ለጎን በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል። በድርብ ጥቅስ ረድፍ መጨረሻ «ዲፎልት ፎርማት • ፎርማት» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስም ያገኛሉ። ከዚህ በኋላ መፈለጊያ የሚረዳዎት በዚህ ስም ነው፤ «ፎርማት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልና ቋንቋውን የሚያዘጋጀውን «ጄሶፍትዌር»ን አብረው ቢጽፉ ባዶ እጅዎን አይመለሱም።

በስሞቹ መካከል ያለችው ጥቁር ነጥብ ጌጥ አይደለችም። አንድ ግስ በቀኙ ብቻ አርጉመንት፣ ማለትም የሚሠራበትን ውሂብ፣ ሲይዝ አንድ ሥራ፣ በግራም በቀኝም ሲይዝ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ሞናድ፣ ሁለተኛው ዳያድ ይባላል። ከነጥቧ በስተግራ የሞናዱ፣ በስተቀኝ የዳያዱ ስም ተጽፏል። ሰነድ አንብበው «እኔ ዘንድ አይሠራም» የሚሉ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር አብዛኞቹ የዳያዱን ማብራሪያ እያነበቡ ሞናዱን የሚጠቀሙ፣ ወይም የዚህ ተቃራኒ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

አይቨርሰን የቋንቋውን ክፍሎች የሰየሟቸው በሰዋስው ቃላት መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ትልቅ ዕድል ነው። ውሂቡ ስም ነው፤ በውሂቡ ላይ የሚሠራው ግስ ነው፤ ግሱን የሚለውጠው ተውሳከ ግስ፣ ሁለት ነገሮችን አያይዞ አዲስ ግስ የሚያወጣው መስተጻምር ነው። የፎርማት ገጽ «ግስ» ሲልዎት ከቁጥር በፊት በቀጥታ ሊጽፉት እንደሚችሉ ይረዱ። `!:` «መስተጻምር» ሲባል ደግሞ በግራና በቀኙ ሁለት ቁጥሮችን ሳያገኝ ግስ ሊሆን እንደማይችል ይወቁ።

የፎርማትን ገጽ እንዴት ማንበብ ይገባል?

ሁለት ዓይነት ገጽ ያገኛሉ። የመዝገበ ቃላቱ ገጽ አጭርና ደረቅ ነው፤ ሕግ እንደሚጻፍ ሁሉ እያንዳንዱ ቃል ተመዝኖ የተጻፈ ነው። የኑቮክ ገጽ ለጀማሪ ይናገራል፤ ምሳሌም ይበዛበታል። ብዙዎች ኑቮክን አንብበው ያቆማሉ። እኔ ግን ኑቮክን መጀመሪያ፣ መዝገበ ቃላቱን ቀጥሎ ማንበብን እመክራለሁ፤ ምሳሌ ያልሸፈነው ጥያቄ የሚዳኘው በደረቁ ገጽ ነውና።

በገጹ አናት ላይ ከስሙ ጎን `_ 1 _` የሚል ጽሑፍ አለ። ዐይን የሚዘልለው ይህ ጽሑፍ የገጹ ግማሽ ትርጉም ነው። ሦስቱ ቁጥሮች የግሱ ራንኮች ናቸው፤ ራንክ ግሱ በአንድ ጊዜ ነጠላ ቁጥር፣ ዝርዝር ወይስ ሰንጠረዥ እንደሚወስድ ይናገራል፤ በቅደም ተከተል የሞናዱ፣ የዳያዱ ግራና የዳያዱ ቀኝ። የታች ሰረዝ ለብቻዋ ስትቆም ወሰን የለሽ ማለት ነው፤ ግሱ በቀኝ የመጣለትን ሰንጠረዥ እንዳለ በሙሉ ይወስዳል። መሐሏ 1 ደግሞ ግራው አርጉመንት እንደ አንድ ዝርዝር እንደሚወሰድ ትናገራለች። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓምድ የተለየ ቅርጽ በአንድ ዝርዝር መስጠት እንደሚቻል ምሳሌውን ሳያዩ ከዚህች ቁጥር ብቻ መገመት ይችላሉ።

ሞናዱ አጭር ነው። `": 3.14159265` ብለው ቢጽፉ 3.14159 ይመጣል፤ ቋንቋው ካልታዘዘ በቀር የሚያሳየው 6 ትርጉም ያላቸው አሃዞችን ብቻ ነውና። የጋሼ «ኢ» የመጣችው ከዚሁ ነው። 1234567.5 በ6 አሃዝ ስለማይገለጽ ማሽኑ ወደ ሳይንሳዊ አጻጻፍ ዞረ፤ ከኢ በኋላ ያለው 6 በ10 ስድስት ጊዜ ይባዛ ማለት ነው። ቁጥሩ ግን በማስታወሻው ውስጥ እንዳለ ነው፤ የተጠጋጋው ለዕይታ ብቻ ነው።

ዳያዱ ዘንድ ግን ረጋ ብለው ይቆዩ። በስተግራ የሚሰጠው ቁጥር ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ እውናዊው ክፍል የዓምዱን ስፋት፣ ከጄ በኋላ ያለው ምናባዊ ክፍል ደግሞ ከነጥብ በኋላ የሚጻፉትን አሃዞች ብዛት ይናገራል።

`12ጄ2 ": 1234567.5`

ውጤቱ በ12 ቦታ ላይ ወደ ቀኝ ተጠግቶ የተጻፈ 1234567.50 ነው፤ 10 ምልክት ስለሆነ ከፊቱ ሁለት ባዶ ቦታ ይቀራል። ኮምፕሌክስ ቁጥርን ለዚህ ሥራ ማዋል መጀመሪያ ሲያዩት እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለት መረጃ በአንድ ቁጥር ስለሚያዝ የቁጥሮች ዝርዝር የዓምዶች ዝርዝር ሊሆን ቻለ። ኤፒኤል ይህንኑ በጥንድ ቁጥር `12 2⍕1234567.5` ብሎ ይጽፈዋል።

ለምሳሌ ተራ ቁጥር፣ ኪሎና ብር የያዘ አንድ ረድፍ እንውሰድ፤ ዋጋው በኪሎ 180 ብር ነው እንበል።

`4 10ጄ1 14ጄ2 ": 1 212.5 38250`

ተራ ቁጥሩ በ4 ቦታ ያለ ነጥብ፣ ኪሎው በ10 ቦታ ከአንድ አሃዝ ጋር፣ ብሩ በ14 ቦታ ከሁለት አሃዝ ጋር ይወጣል፤ 38250.00 ተብሎ። ሰንጠረዥ ቢሰጡትም እንዲሁ በየዓምዱ ይሠራል። የቅርጾቹ ብዛት ከዓምዶቹ ብዛት ጋር ካልተስማማ የርዝመት ስህተት ይነገርዎታል፤ አንድ ቅርጽ ብቻ ከሰጡ ግን ለሁሉም ዓምድ ይሆናል።

ከዚሁ ገጽ ሁለት ነገር ሳይነበብ መታለፍ የለበትም። ስፋቱን 0 ካደረጉት፣ ለምሳሌ `0ጄ2`፣ ቋንቋው የሚበቃውን ስፋት ራሱ ይመርጣል። ስፋቱን ካሳነሱት ግን `6ጄ2 ": 1234567.5` ላይ እንደሚታየው ቦታው በኮከብ ምልክት `******` ይሞላል። ይህ ብልሽት ሳይሆን ቅንነት ነው፤ ቁጥሩን ቆርጦ ትንሽ አስመስሎ ከማተም ኮከብ ማተም ይሻላል። ስለ ሣጥን ዕቃዎች የሚያወራውን የገጹን ክፍል ግን ለቁጥር ሥራ ስለማያስፈልግ በመጀመሪያ ንባብ ይዝለሉት።

ሌላው ጥንቃቄ፣ የፎርማት ውጤት ጽሑፍ ነው። ቅርጽ የያዘውን ዓምድ ልደምር ቢሉ የዶሜይን ስህተት ይመጣል። ስሌቱን ጨርሰው በመጨረሻ ቅርጽ ያስይዙ፤ የግድ መመለስ ካለብዎት የጎረቤቱን የ`".`ን ገጽ ያንብቡ።

መልሱ ፎርማት ገጽ ላይ ከሌለስ?

በሺህ ቤት የምትገባውን ጭረት (ኮማ) በዚህ ገጽ ላይ ቢፈልጉ አያገኟትም። ያኔ «ቋንቋው አይችልም» ከማለትዎ በፊት ሰነዱ ሦስት ቤት እንዳለው ያስታውሱ። በምልክት ብቻ የተጻፈው መሠረታዊ ቃል በቃላት ሰንጠረዡ ይገኛል። በ`!:` የተያያዙ ሁለት ቁጥሮች «ፎሪን» ማለትም ባዕድ ተብለው በተለየ ዝርዝር ተቀምጠዋል። በፊደል የተጻፈ ስም ከሆነ ደግሞ የላይብረሪ ወይም የተጨማሪ ጥቅል ንብረት ነው።

የባዕዶቹ ዝርዝር በቁጥር የተመደበ ስለሆነ በስም መፈለጊያ እምብዛም አይገኝም፤ ግራው ቁጥር ግን ምድቡን ይነግርዎታል። 1 የፋይል፣ 6 የጊዜ፣ 8 የቅርጽ፣ 9 የአጠቃላይ መቼቶች ምድብ ነው። ስለዚህ ወደ 8 ይሂዱ። እዚያ ሦስት ግሶች አሉ፦ `8!:0` እያንዳንዱን ቁጥር በየሣጥኑ፣ `8!:1` እያንዳንዱን ዓምድ በየሣጥኑ፣ `8!:2` ሁሉንም በአንድ የፊደል ሰንጠረዥ ይሰጣሉ። ግራ አርጉመንታቸው በነጠላ ጥቅስ የታጠረ የቅርጽ ሐረግ ነው።

`'ሲ15.2' 8!:2 (1234567.5)`

ሲ ጭረት በየሦስት አሃዙ ይግባ ማለት ነው፤ ውጤቱም 1,234,567.50 ነው። የጋሼ ሁለተኛ ጥያቄ መልስም እዚሁ ነው። ጄ አሉታዊ ቁጥርን ከመቀነስ ግስ ለመለየት በታች ሰረዝ ይጽፋል፤ `":` ይህንኑ ጠብቆ ያትማል፤ የ8 ምድብ ግሶች ግን ለሰው የሚሆነውን ተራ የመቀነስ ምልክት ያትማሉ። በአሉታዊ ቁጥር ፊትና ኋላ የራስዎን ምልክት ለማስገባት የሚያገለግሉ ፊደላትም በዚያው ዝርዝር ተገልጸዋል። ገጹ ከከበደዎት በኤፒኤል ሰነድ ኳድ ኤፍኤምቲ የተባለውን ያንብቡ፤ ተመሳሳይ ሥራ በሰፊው ተብራርቷል።

ቅንፉን ልብ ብለዋል? `8!:2 1234567.5` ብለው ያለ ቅንፍ ቢጽፉ ቀደም ሲል በሣጥን ያየነው ነገር ይደርስብዎታል፤ 2 እና 1234567.5 ተጣብቀው አንድ ዝርዝር ይሆኑና መስተጻምሩ ቁጥሩን ያጣል። የ9 ምድብም እንዲሁ ነው። `9!:10 ''` የሚታየውን የአሃዝ ብዛት ይጠይቃል፤ `9!:11 (12)` ወደ 12 ይቀይረዋል። ይህ ለመላው ሥራ ስለሚጸና፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ `(":!.12) 1234567.5` ይበሉ። ሰንጠረዡ ውስጥ ከባዕድ አጠገብ ያለው `!.` «ፊት» የተባለ መስተጻምር ነው፤ በእንግሊዝኛ ማስማማት ማለት ነው፤ የፎርማት ገጽም በሱ በኩል የአሃዙ ብዛት እንደሚወሰን ይጠቁማል።

ስለ ሦስተኛው ቤት ብዙ የምለው የለኝም። የላይብረሪ ስም ኮንሶሉ (ትእዛዝ የሚተየብበት መስኮት) ላይ ብቻውን ቢተይቡ ትርጓሜው ይታተማል፤ ከሰነድ በላይ የሚታመነውም እሱ ነው። በሲ ቋንቋ የለመዱ ሰዎች ፎርማት ከተባለው የጥቅሎች ምድብ ፕሪንትኤፍን መጫን ይችላሉ።

ከገጹ ወደ ኮንሶሉ

ያነበቡትን ምሳሌ ሁሉ ራስዎ ይተይቡት፤ ከዚያም ቁጥሩን በአሉታዊ፣ በዜሮና በጣም ትልቅ በሆነ ቁጥር ይለውጡት። ውጤቱ ከገጹ ከተለየ `9!:14 ''` ብለው የጄዎን እትም ይመልከቱና ገጹ ለየትኛው እትም እንደተጻፈ ያነጻጽሩ። መብራት ወይም ኢንተርኔት በሚሄድበት ቀን እንዳይቸገሩ ደግሞ የቃላት ሰንጠረዡን፣ የፎርማትን ገጽና የባዕዶቹን ዝርዝር ከብራውዘርዎ አውርደው ያስቀምጡ። ሦስቱ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ፤ እኔ አትሜ ከሒሳቡ ወረቀት ጋር ነው የያዝኳቸው።

አዲሱን ወረቀት ይዤ ስሄድ ጋሼ ጭረቶቹን በጣታቸው ቆጥረው፣ የመቀነስ ምልክቷ ቦታዋን መያዟን አይተው «አሁን ሒሳብ መሰለ» አሉ። ቀጥለውም በግእዝ ቁጥር ያትም እንደሆነ ጠየቁኝ። በመሠረታዊ ቃላቱም በ8 ምድብም እንዲህ ያለ ግስ የለም፤ ሰው ራሱ ሊጽፈው ይገባል። ችግሩ ግን የግእዝ ቁጥር ለዜሮ ምልክት ስለሌለው ከነጥብ በኋላ ያለችውን 50 ሳንቲም የት እናስቀምጣት የሚለው ነው፤ ጋሼም እያሰቡበት ነው።